በዓባይ ማዶ ወፍጮ ቤት የተጻፈ ድጓ

ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ቤት ስመለስ የተሳፈርሁባት ባጃጅ ዓባይ ማዶ ስትደርስ ከሌሎቹ ኋላ ተገትራ ቀረች። ከፊታችን የቆመችው ባጃጅ ጀርባዋ ላይ በቢጫ ቀለም የተጻፈ ነገር ነበር፤ ህልሙን በጽናት የያዘ ሰው ካሰበበት ሳይደርስ አይቀርም የሚል። የባለቤቱን ፊት ባላየውም ዕድሜው ከሃያ አምስት እንደማያልፍ እምላለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ሰው እንዲህ ያለውን በገዛ ገንዘቡ አያስጽፍም። የሚገርመው መንገዱን የዘጋችው ያችው ባጃጅ ነበረች፤ ሞተሯ ጠፍቶ ባለቤቷ ወርዶ ይገፋታል። ልስቅ ስል በክፍቱ ጎን የትኩስ ዱቄትና የጋለ ድንጋይ ሽታ ገብቶ አፍንጫዬን መታኝና ሳቄ ከጉሮሮዬ ተመለሰ። ወፍጮው የት እንዳለ ዓይኔ አላገኘውም፤ ፎቁና ሱቁ ጋርዶታል። ድምፁንም አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ከከዳኝ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሽታው ብቻ በቃኝ።

ያኔ ዓባይ ማዶ ማለት ድልድዩን ተሻግሮ ሣር ማለት ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተራርቀው የቆሙ የጭቃ ቤቶች፣ አንድ ሻይ ቤት፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከዚያ የአቶ ደመቀ ወፍጮ። ፎቅ ለማየት ያማረው ሰው ድልድዩን ተመልሶ ከተማ መግባት ነበረበት፤ እዚያም ቢሆን ዘንባባው ከፎቁ ይበልጥ ነበር። አንድ ቁና ጤፍ በስሙኒ ይፈጫል። ሻይ ዐሥር ሳንቲም ነው፣ ዳቦም ዐሥር ሳንቲም፤ ዳቦው ደግሞ የዛሬውን ሦስት ያህላል። ወንዱ ካኪ ሱሪና ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዱቄት እንዳይነካው አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሲዘፍን ይውላል፤ የአቶ ደመቀ ሞተር ሲነሣ ግን ዘፋኙ ይዋጥና ከበሮው ብቻ እየተቆራረጠ ይደርሰናል። እኔ የዚያ ሞተር ሎሌ ነበርሁ። ድንጋዩን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አጠልቃለሁ፣ እህሉን እጨምራለሁ፣ ድንጋዩ ሲደነዝ አውርጄ እወቅራለሁ። አቶ ደመቀ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ደብተራ» ነበር የሚሉኝ። ሲያሾፉብኝ እንደሆነ ባውቅም ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ የደቅ ልጅ ነኝ። አባቴ በዚያች የሐይቅ ደሴት ድጓ ያስተምሩ ነበር። ልጃቸው ብሆንም ከተማሪዎቻቸው አልለይም፤ «የኔታ» እንጂ «አባቴ» ብያቸው አላውቅም። የዓመቱን ዜማ ሁሉ በቃሌ የያዝሁት ጢም ሳላበቅል ነው። ድምፅም ነበረኝ። ይህን ስል ጉራ አይምሰልብኝ፤ ከእኔ ጋር ስለሌለ እንደ ሟች ዘመድ ነው ስለ እሱ የማወራው። በትምህርት ሰዓት ዜማዬን ስቀጽል፣ እየደጋገምሁ ስል፣ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች መቅዘፊያቸውን አስቀምጠው ያዳምጡኝ ነበር ይባላል። በዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ሲያልፉ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ድጓ ማስተማር። እሳቸውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር።

ድጓ የተማረ ሰው የገዛ ድጓውን ከነምልክቱ በእጁ ጽፎ ወደ ምስክር ጉባኤ ይወስዳል፤ እዚያ መጽሐፉም ድምፁም ተፈትኖ ሲያልፍ መምህር ይባላል። ይህ የሁሉም ሥርዐት ነው። አባቴ ግን ከዚህ ላይ የራሳቸውን ሕግ ጨምረው ነበር። ሌላው መምህር ተማሪውን በማኅሌት እያቆመ ያለማምዳል፤ እሳቸው ያላስመሰከረ ሰው ከጉባኤ ውጭ አፉን መክፈቱን እንደ ስርቆት ነበር የሚያዩት። ከደቅ ስወጣ ጀልባው እስካለበት ድረስ ሸኙኝና፣ «ጽፈህ እስክታስመሰክር በሰው ፊት አንዲት ቃል እንዳታዜም። ያን ቀን ወንበሬን ትረከባለህ» አሉኝ። እኔም ጉልበታቸውን ስሜ ማልሁ። ሃያ ዓመት የሞላኝ በዚያው ክረምት ነበር።

የወጣሁት ለብራና ነው። ድጓን የሚያህል መጽሐፍ ከመቶ ፍየል በላይ ይበላል፤ ደቅ ላይ ያን ያህል ቆዳ ከየት ይመጣል? ባሕር ዳር ገብቼ ሁለት ዓመት ልሠራ፣ ብራናዬን ላዘጋጅ፣ ከዚያ አገሬ ተመልሼ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ሁለት ዓመት ነበር ያልሁት። የወፍጮ ደሞዝ ከምግብ ተርፎ በወር አንድ ሁለት ቆዳ ከገዛ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ ቆዳው ተሟልቶ እስኪያልቅ ከመጠበቅ ይልቅ በተገኘው ላይ መጻፍ ጀመርሁ። ቆዳውን ዓባይ ዳር በእንጨት ወጥሬ እፍቃለሁ፤ ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። አባቴ የገዛ ድጓቸውን ከጥራዙ ፈትተው ጥቂት ጥቂት ቅጠሉን፣ አንድ አንድ እጁን፣ በጀልባ ይልኩልኛል፤ ገልብጬ ስመልስ ቀጣዩን ይልካሉ። የምጽፈው ጎሕ ከቀደደ ጀምሮ ወፍጮው እስኪከፈት ድረስ ብቻ ነው። ወፍጮው ከተነሣ በኋላ ዱቄቱ አየሩን ይሞላዋል፤ እርጥብ ቀለም ላይ ሲያርፍ ፊደሉን ያሳብጠዋል፣ የዜማውን ምልክት ደግሞ ደቃቅ ስለሆነ ጨርሶ ያጠፋዋል። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፣ አይጻፍም። ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም ሲቆጠር ወሩ ያልቃል። አንዳንዱን ወር ዐሥር ቀን እንኳ ብርዕ ሳልይዝ አሳልፌዋለሁ። ግን አልተውሁም። ለዚያ ባጃጅ ባለቤት ልነግረው የምፈልገው ይህን ነው፤ አንድም ዓመት አልተውሁም።

ጥሩወርቅን ያገኘኋት ወረፋ ላይ ነው። ከአንበሳሜ መጥታ አክስቷ ዘንድ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። ዱቄቱ ጸጉሬንም ቅንድቤንም አንጥቶት አይታኝ፣ «ሸምግለህ ነው እንዴ የተወለድኸው?» አለችኝ። የሰማችው ሴት ሁሉ ሳቀብኝ። በሦስተኛው ወር ሽማግሌ ላክሁ። የእኔን ነገር ገና ሳታገባኝ ነግሬያታለሁ፤ ሁለት ዓመት የተባለው ስድስት እንደሞላው፣ ገና ከሩቡ እንዳልደረስሁ፣ ሲያልቅ ደቅ እንደምንገባ። እሺ አለች። ከድስት ቂጥ ጥላሸት እየፋቀች፣ የቀለሙን ገብስ እያሳረረች፣ እጇ ጥፍሯ ሥር ድረስ ጠቁሮ የኖረች ሴት ናት። ከደቅ የሚመጡ እንግዶች ስለ ድምፄ ሲያወሩላት ዓይኗ እኔ ላይ ይቀራል። እሷ አንዴም ሰምታኝ አታውቅም ነበር። በሠርጋችን ማግስት፣ «ለእኔ ብቻ፣ ቀስ ብለህ» አለችኝ። ሚስትም ሰው ናት፣ መሐላዬ በሰው ፊት ነው አልኋት። ምን ዓይነት ሰው ነበርሁ? ላባብላት ብዬ፣ እንደማይሆን እያወቅሁ፣ ለመጪው ፋሲካ ያልቃል አልኋት፤ ፋሲካው መጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ደግማ አልጠየቀችኝም።

በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌቱን የሚመሩት መሪጌታ ስመኘው የሚባሉ ሰው ነበሩ። በዓል በዓል እሄዳለሁ፤ ከኋላ ቆሜ ከንፈሬን ገጥሜ አዳምጣለሁ። ሲሳሳቱ አውቃለሁ፤ ውስጤ እያዜመ አፌ ዝም ይላል። መሪጌታ ነገሬን ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን በሩ ላይ ጠበቁኝ። «ብራናው ይቆይሃል፤ ጉሮሮህ ግን አይቆይህም። ና ከእኛ ጋር ቁም» አሉኝ። አመስግኜ እምቢ አልሁ። ዛሬ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እምቢ ስል ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያዜመውን እኔ መሐላ ጠብቄ መያዜ ከእነሱ ከፍ ያደረገኝ መሰለኝ። ለአባቴ መታዘዝ ነው እያልሁ የገዛ ኩራቴን ስቀልብ ኖሬያለሁ።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ አዜም ነበር፤ በአፌ አይደለም፣ በሆዴ። ጠዋት የጻፍሁትን መስመር ይዤ ገብቼ ሞተሩ ሲነሣ እጀምረዋለሁ። ሞተሩ ዱግ ዱግ ይላል፣ እኔ ውስጥ ለውስጥ እመልሳለሁ። ማታ ወጥቼ ጆሮዬ ጭው ሲል ይቆያል፤ ድሮ ራት እስኪቀርብ ይተወኝ ነበር፣ በኋላ እስኪነጋ፣ በመጨረሻም የማይተወኝ ሆነ። ጥሩወርቅ ነገር ስትደግምልኝ እንደ ዋዛ አየሁት። ሴቶቹ «ላም አድርገው» ያሉኝን ሸካራ አድርጌ ስፈጭባቸው፣ አቶ ደመቀ ትከሻዬን እየነኩ በእጃቸው ማሳየት ሲጀምሩ፣ ያኔም የወፍጮ ቤት ጫጫታ ነው አልሁ። የውጪውን ጆሮ ማን ፈለገው? ድጓው ውስጤ ነበር። አንዲት ምልክት አልጠፋብኝም፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

በዐሥራ አንደኛው ዓመት ከደቅ የመጣ ቄስ የቀረውን የአባቴን ድጓ ሁሉ በአንድ ላይ አስሮ አመጣልኝ። አንድ አንድ እጅ ሲልኩ የኖሩ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲሰዱ ምን ማለት እንደሆነ ቄሱ ሳይነግረኝ ገባኝ። ከዚያ በኋላ መሐላውን የሚፈታልኝ ሰው በምድር ላይ አልቀረም። የደቅ ሽማግሌዎች ልጃቸው እስኪመጣ ወንበሩን በአንድ አረጋዊ ካህን እናስጠብቃለን ብለው ላኩብኝ። መንግሥት ተለወጠ፤ ሰልፍ ውጡ ሲሉን ወጣን፣ ግቡ ሲሉን ገባን። ስሙኒ የነበረው ብር ሆነ። ሣሩ ላይ ቤት በቀለ። ሰዎች አገር ለቀው ሄዱ፣ ሌሎች መጡ፣ እኔ ጎሕ ሲቀድ ብርዕ እየቀረጽሁ ቁጭ ብያለሁ። አሁን በሐይቁ ዳር ሰው ፎቶ ሲነሣ የሚውልበትን መንገድ ሳይ ያ ሁሉ ዘመን የት እንደገባ ግራ ይገባኛል። ሌላው ሰው የኖረበት ጊዜ ነው፤ እኔ የጻፍሁበት።

በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ አለቀ። ጥሩወርቅ የመጽሐፉን መያዣ፣ የቆዳ ማኅደሩን፣ በገዛ ገንዘቧ አሰፍታ ጠበቀችኝ። መጽሐፉን ስታቅፈው ክብደቱ ወደ ኋላ አንገዳገዳትና ሁለታችንም ሳቅን። በደብረ ታቦር በኩል በአውቶቡስ ወደ ጋይንት ወጣሁ፤ የቀረውን መንገድ መጽሐፉን በጀርባዬ አዝዬ በእግሬ ሄድሁ። የምስክር ጉባኤው መምህር ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ሦስት ቀን ሙሉ መስመር በመስመር አዩት። ተማሪዎቻቸው ዙሪያውን ከበው ጽሕፈቱን ለማየት ሲጋፉ አንገቴ ቀና አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መጽሐፉ እንከን የለበትም። እንዲህ ያለ እጅ ካየሁ ቆየሁ። አሁን ይበሉልኝ» አሉ።

ድጓው ከሚከፈትበት ከዮሐንስ፣ ከዘመን መለወጫው ዜማ፣ ጀመርሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ታስሮ የቆየ ድምፅ ነው፤ ውስጤ የሚሰማኝ ያው ደቅ ላይ የነበረው ልጅ ነበር። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ተማሪዎቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። መምህሩ በእጃቸው አስቆሙኝና ራሳቸው መሩኝ፤ መዳፌን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀበልሁ። እንደገና አስቆሙኝ፣ እንደገና መሩኝ። ሦስተኛ ጊዜ አጠገቤ ድረስ መጥተው ጆሮዬ ሥር አሉልኝ። እኔ ያንኑ ነው የመለስሁት፤ ለእኔ ያው ነበር። ከዚያ ተቀመጡ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ወፍጮ አልኋቸው። በሰው ፊት ካዜምሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። የአባቴንም ሕግ ነገርኋቸው። መጽሐፉን በእጃቸው ዳበሱና፣ «አባቴ፣ ለመጽሐፉ እመሰክርለታለሁ። ለእርስዎ ግን ልመሰክር አልችልም፤ ዜማው ከእርስዎ ሄዷል» አሉኝ። አልተቆጡም፣ አልናቁኝም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መጽሐፉን ለተማሪ መገልበጫ እንድተውላቸው ለመኑኝና ተውሁላቸው። ምን ላደርግበት?

በመንገዱ ሁሉ ስሄድ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ የትኛውን ቀን ነው ያጠፋሁት? ሰነፍ አልነበርሁም። ገንዘብ አላባከንሁም፣ አልሰከርሁም፣ አልተሰላቸሁም። ለብራናው ብዬ ወፍጮ ገባሁ፣ ወፍጮው ጆሮዬን ወሰደ። ለወንበሩ ብዬ ዝም አልሁ፣ ዝምታው ድምፄን ወሰደ። ጽናቴ ከብዙ ሰው ጽናት ይበልጥ ነበር፤ የጨረሰኝም እሱ ነው። ትንሽ ቸልተኛ ብሆን፣ አንድ ፋሲካ ላይ መሐላዬን ብሰብር፣ መሪጌታ ስመኘው ሲጠሩኝ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብራመድ፣ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርሁ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ «ሁሉ ለበጎ ነው» ይላል። ለማን በጎ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ጥሩወርቅ አውቶቡስ ተራ ቆማ ጠበቀችኝ። እጄ ባዶ መሆኑን አየች፤ ከዚያ ፊቴን አየች። ምን አሉ ብላ በአፏም በእጇም ጠየቀችኝ። መሰከሩ፣ መጽሐፉንም ለተማሪዎቻቸው አስቀሩት አልኋት። ለመጽሐፉ ማለቴ ነበር፤ እሷ ለእኔ አድርጋ ወሰደችው፣ እኔም አላረምኋትም። እዚያው ሰው መሃል አቅፋኝ አለቀሰች። ለካ የድግሱን ጠላ የጠነሰሰችው እኔ ከመሄዴ በፊት ነው፤ ማለፌን ተጠራጥራ አታውቅም። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ቤታችን ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ደመቀ ሸምግለው በከዘራ መጡ፣ መሪጌታ ስመኘው መጡ፣ ወረፋ ላይ የሳቁብኝ ሴቶች የልጅ ልጅ አዝለው መጡ። ሁሉም እየተነሣ «መሪጌታ» እያለ እጅ ነሣኝ። እያንዳንዱ እጅ ሲነሣኝ አሁን ልንገራቸው፣ አሁን ልንገራቸው እላለሁ፣ ጥሩወርቅን ሳይ ቃሉ ይጠፋኛል። እህል አልቀመሰችም ያን ቀን፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትመላለስ፣ ነጠላዋ ወድቆ ስታነሣ፣ እንደገና ሲወድቅ።

ከምግቡ በኋላ አቶ ደመቀ በከዘራቸው መሬቱን መትተው ሰዉን ጸጥ አሰኙ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደብተራ እያልሁ ሳሾፍበት ቻለኝ፣ እንግዲህ መሐላው ወርዷል፣ አንዲት ያሰማን ብለው እንደጠየቁ የነገረኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጥሩወርቅ በጓዳው በር ላይ ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንዲያ ስትጠብቅ የኖረችውን ሴት ምን ብዬ እምቢ ልበላት? ተነሥቼ ቆምሁ። ቀስ ብዬ፣ ለእሷ ብቻ ብዬ ጀመርሁ። ውስጤ እንደ ድሮው ነበር፣ አንዲት ነገር አልጎደለውም። ዓይኔን ግን አልጨፈንሁም፤ እሷን እያየሁ ነው ያዜምሁት። መጀመሪያ ፊቷ ፈገግ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ግራ ገባው። መሪጌታ ስመኘውን ቶሎ ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ጥሩወርቅ አፏን ከፈተች። ምላሷ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እልል ማለቷ ነበር። እያለች ወደ መሃል ገባች፣ ሴቶቹን በእጇ እየቀሰቀሰች፤ እነሱም ተነሥተው እልል አሉ፣ ወንዱም አጨበጨበ፣ ቤቱ ሁሉ አፍ ሆነ። እኔ እስክጨርስ ድረስ፣ እስክቀመጥም ድረስ፣ አላቋረጠችም። እንባዋ አገጯ ላይ ይወርድ ነበር። ሰው የደስታ ነው ብሎ ነው ያወራው።

ለደቅ ሽማግሌዎች አርጅቻለሁ፣ ወንበሩን ለሌላ ስጡት ብዬ ላክሁ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ መሪጌታ ይለኛል። ከጥሩወርቅ ጋር ከዚያ በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን፤ ስለ ብዙ ነገር ተነጋገርን፣ ተጣላን፣ ታረቅን። ያን እሑድ የሰማችውን ግን ሳትነግረኝ ሞተች።